በመጋዘኑ በር ላይ የተጠጣው ወተት

የቆዳ መጋዘኑ ዘበኛ ከሊፋ የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ ከሚጠብቀው በር ሥር ነው። ዕለቱ ረቡዕ ሲሆን ትንሣኤ ካለፈ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። አጠገቡ ባዶ የወተት ቅል ስለተገኘ፣ የአሰላ ሰው ፍርዱን ለመስጠት ፖሊስ አልጠበቀም፦ መርዛ የገደለችው ወተት ሻጯ የሺሃረግ ናት! ደግሞስ ከሟቹ ጋር ስትሰዳደብ ያልሰማ ማን አለ?

መርማሪው መቶ አለቃ አሳምነው ነገር ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍናል። ተኝቷል ይሉታል። እሱ ግን ሁሉንም ይጠረጥራል፤ «እንደምን አደርክ» ያለውን ሰው ሳይቀር።

«ወተቱ ላይ ውሃ ጨምረሻል?» አላት የሺሃረግን።

«በእመቤቴ! ጠብታ እንኳ! ስቀሉኝ እንጂ ይህን አትበሉኝ!»

«መሰቀሉስ የሚቀርልሽ አይመስልም። ለከሊፋ ለምን ሰጠሽው?»

«ያመጣሁትስ ለሥራ አስኪያጁ ነበር። ጾም ነው ብለው መለሱኝ፤ ከጌታ ጋር ማን ይከራከራል? ከሚበላሽብኝ ብዬ ለዘበኛው ሰጠሁት። እሳቸውም በመስኮት ያዩን ነበር።»

መቶ አለቃው ዓይኑን ገለጠ።

የሺሃረግ ውሃ ወደምትቀዳበት ወንዝ ወረደ። ሁለት ወይፈኖችና አንዲት አህያ ከዳር ሞተው አገኘ። አህያዋ መቼም የየሺሃረግ ደንበኛ አልነበረችም። ሰው ውሃ እንዳይቀዳ ፖሊስ አቁሞ፣ የጠወለገውን ሣር ተከትሎ ሽቅብ ወጣ። መንገዱ ከመጋዘኑ ቦይ አደረሰው። ቆዳ ብል እንዳይበላው በመርዝ የሚነከርበት ገንዳ ባዶውን ቀርቷል።

በማግስቱ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰባቸው፦ ከረባት ያሰሩትን ሥራ አስኪያጅ አቶ ወልደአማኑኤልን፣ የመጋዘን ሠራተኛውን ሀብተ ማርያምን፣ የሟቹን ወንድም አብዶንና እጇ የታሰረውን የሺሃረግን።

«ወይፈኖቹ ወተት አልጠጡም፤ ውሃ እንጂ» አለ። «መርዙ ያለው ከወንዙ ነው። ወተቱ ውስጥ እንዴት ገባ? የሺሃረግ፣ ከአንገትሽና ከስምሽ አንዱን ምረጪ።»

ፊቷ ፍም መሰለ። «ሁለት ጣሳ!» ብላ ጮኸች። «ሁለት ጣሳ የወንዝ ውሃ ጨምሬአለሁ! ሁልጊዜም እጨምራለሁ! ደስ አላችሁ?»

«ወላሂ፣ ይህንንማ ከተማው ሁሉ ያውቃል» አለ አብዶ።

«ገንዳውን ወደ ወንዙ የለቀቀው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሀብተ ማርያም። «ማክሰኞ ከሰዓት። ሥራ አስኪያጁን ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበረው ብላቸው፣ ‹ጊዜ የለም፣ ልቀቀው› አሉኝ።»

«ውሸታም! በራሱ ፈቃድ ነው የደፋው። እኔ አንዳች አላውቅም! ምስክር አለው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«አለው፤ እርስዎ ነዎት። ረቡዕ ጠዋት ወተቱን ለምን መለሱት?»

«ጾም ነዋ! ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

የሺሃረግ ከት ብላ ሳቀች።

«በበዓለ ሃምሳ?» አለ መቶ አለቃው ቀስ ብሎ። «ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም ሕፃን ያውቃል። የደነገጠ ሰው ግን የለመደውን ሰበብ ይመዛል። ያስደነገጠዎት ምንድን ነው? ወተቷ በወንዝ ውሃ እንደሚቀጥን ያውቃሉ። ወንዙ መመረዙን ደግሞ በዚያ ጠዋት ከደፋውና ካዘዘው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከሊፋ ቅሉን ሲያነሣ ከመስኮት ሆነው አዩት። ‹ተው!› ማለት ይበቃ ነበር። ግን ‹ለምን?› ብሎ ይጠይቅዎታል፤ ከዚያ የወንዙ ነገር ይነሣል፣ የኩባንያውም ጥፋት ይገለጣል። ስለዚህ ዝም አሉ።»

አብዶ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። የሺሃረግ እጇ ተፈታ፤ ሳቋም ጠፋ።

አቶ ወልደአማኑኤል ሁለት ፖሊሶች ይዘዋቸው ሲወጡ ከበሩ ላይ ዞር አሉ። «ሀብተ ማርያም፣ መኪናዎቹ ነገ ይደርሳሉ። ቆዳውን ቶሎ አስጭን።»

ሀብተ ማርያም የመጋዘኑን ቁልፍ ከወገቡ ፈትቶ ከመቶ አለቃው ፊት አስቀመጠ። ሁለት እጆቹንም ዘረጋ።

«የደፋው እጅ ይህ ነው፤ እኔንም ይሰሩኝ።»