አሮጌው ዕቃ ይመለስ

የቱሪስት አስጎብኚውን ዘላለምን ሞቶ ያገኙት ዓርብ ጠዋት ነው፤ ከሻርጃ ወጣ ብሎ ባለው በረሃ፣ ከአንድ ከፍ ያለ የአሸዋ ክምር ግርጌ። ኳዱ፣ ያ ባለ አራት ጎማ የበረሃ ሞተር፣ ደረቱ ላይ ተገልብጦ ነበር። የፊት ግራ ጎማው ግን አብሮት አልነበረም። ብቻውን ቁልቁል ተንከባሎ፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ሰው ያስቀመጠው ይመስል ጋደም ብሏል።

ቅዳሜ ማለዳ ስንዱ ተጠራች። ስንዱ የኢንሹራንስ ገማች ናት፤ አዲስ አበባ መካኒካል ምህንድስና ተምራ ዱባይ ከመጣች ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተጋጨና የተገለበጠ ስትመረምር ኖራለች። ዐጅማን ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። በቁልፍ መያዣዋ ላይ የአንድ በር ሁለት ቁልፎች አሉ። ለምን ሁለት እንደሆኑ የጠየቃት የለም፤ እሷም አታወራም።

የሻርጃ ፖሊሱ ሻለቃ ሰዒድ ከወለቀው ጎማ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት።

«ነገሩ ግልጽ ነው፤» አላት። «ጎሚስታው የማይሆን ዳዶ አስሮበታል። እርስዎም ይህንኑ ከጻፉልኝ፣ ሰው በቸልተኝነት በመግደል ነገ ይከሰሳል።»

ስንዱ በርከክ አለች። አሸዋው ውስጥ የተገኘው ዳዶ፣ ጎማውን ከሞተሩ ጋር የሚያስረው ብረት፣ አንድ ብቻ ነው፤ ግርጌው ጠፍጣፋ ነው። ከጎማው ጋር አዲስ የተገጠመው ቸርኬ፣ ጎማው የተጠመጠመበት ብረት፣ ቀዳዳዎቹ ግን ወደ ውስጥ እየጠበቡ የሚሄዱ ናቸው፤ ግርጌው ሾጣጣ የሆነ ዳዶ ይፈልጋሉ። ጠፍጣፋው ቢጠብቅ እንኳ አይቀመጥም፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላ እየላላ ይወልቃል።

«የሦስቱ ጎማዎች ዳዶስ?»

«ሾጣጣ ነው። አሥራ ሁለቱም።»

«አሥራ ሁለቱን አውቆ አራቱን የሚስት ሰው?»

«ሰው ይደክመዋል፣ ወይዘሮ።»

«አዎ፣ ይደክመዋል፤» አለችና ቸርኬውን ወደ ፀሐይ አዞረችው። በአራቱም ቀዳዳዎች አፍ ላይ አጭር ቀይ መስመር አለ፤ ከብረቱ ይነሳና ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ተቆርጦ ይቀራል። ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ጎማውን በእጇ ዳሰሰች። ጎኑ ወፍራም፣ ጥርሱ ጥልቅ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ አሸዋ ላይ ራሱን ይቀብራል እንጂ አይሄድም። ስድስት ዓመት በዚህ በረሃ ቱሪስት ሲያዞር የኖረ ሰው ይህን ለምን መረጠ?

ጎሚስታውን ገብሩን ሻርጃ ኢንዱስትሪ አካባቢ ባለው ሱቁ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ፓስፖርቱን ፖሊስ ይዞታል።

«እትዬ፣ ዋላሂ ሾጣጣ ነው ያሰርኩት! ሦስት ልጅ አለኝ፣ እስር ቤት ብገባ...»

«አትማልልኝ። እንዴት እንደምታስር አሳየኝ።»

ገብሩ አጠገቡ ካለ ቸርኬ ላይ ዳዶ አጠበቀ። ከዚያ ከሸሚዝ ኪሱ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣና ከዳዶው ጀምሮ እስከ ቸርኬው አንዲት መስመር አሰመረ።

«መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ተነካክቷል ማለት ነው። ቀለሙን የምትሸጥልኝ ካራማ ሰፈር ያለችው ባለሱቅ ሁልጊዜ ‹ለየትኛዋ ነው?› ትለኛለች። ለጎማ ነው ስላት አታምነኝም።»

«እኔ አምንሃለሁ። ጎማውን ማን መረጠ?»

«ዘላለም ነው። ማክሰኞ ከሰለሞን ጋር መጣ። ያ አብሮት ካራማ የሚኖረው ጓደኛው። እኔ ለአሸዋ የሚሆነውን፣ እንደ መቅዘፊያ ያለ ጥርስ ያለውን አወጣሁ። ዘላለም ‹ይኼ ድንጋይ ላይ አንድ ቀን አይውልም፤ ለጭቃና ለኮረት የሚሆን አምጣ› አለኝ። እዚህ ምን ጭቃ አለ? ግማሽ ቀን ተከራከርን። ሰለሞን ግን ትንፍሽ አላለም።»

«የፈታሃቸው አሮጌ ዳዶዎችስ?»

ገብሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለ። «ያገራችንን ሰው አያውቁትም እንዴ? አሮጌው ዕቃ ካልተመለሰለት አዲሱ መግባቱን አያምንም! ሐሙስ አሥራ ስድስቱንም ጠፍጣፋ በከረጢት መለስኩ። ዘላለም ስልክ እያወራ ስለነበር ሰለሞን ተቀበለኝ። ከዚያ ዘላለም በታክሲ ቀድሞ ሄደ፤ ሰለሞን ኳዱን በፒካፑ ጭኖ ብቻውን ተከተለው።»

የዘላለም ሸሪክ ብሩክ በረሃው ውስጥ ካለው ካምፓቸው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ከጀርባው አዲስ የታተመ ትልቅ ማስታወቂያ ተደግፏል። ዘላለም ሥዕሉ ላይ ይስቃል፤ ከሥር የመጪው ዓመት ጉዞዎች ተዘርዝረዋል።

«ትናንት ነው የመጣልኝ። አሁን ምን ላድርገው?» አላት።

«ስለ ጎማዎቹ ምን አልከው?»

«አብደሃል አልኩት። ሳቀብኝ። ሐሙስ ሰለሞን ኳዱን ሲያመጣ ኮንቴይነር ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ዘላለም እዚሁ አደረና በማለዳ ልሞክረው ብሎ ወጣ።»

«ዓርብ ሌላ ሰው መጣ?»

«ሰለሞን። ሳንጠብቀው። ከፒካፑ ሳይወርድ ‹ወጣ?› አለኝ። አዎ ስለው እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቁጭ አለ። ደጋግሞ ደወለለት፤ እዚያ ኔትወርክ የለም።»

ስንዱ ከካምፑ ኳዶች አንድ ዳዶ ፈትታ ወደ ካምፑ ተጎትቶ በመጣው የዘላለም ኳድ ብሎን ላይ ሞከረችው። መጠኑ ሌላ ነው፤ አልገባም።

የዘላለም እጮኛ ሐረገወይን ጁሜይራ ባለ ቪላ ውስጥ ሠራተኛ ናት። በጓሮ በር ወጥታ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ዓይኗ አብጧል፤ ሽርጧን አልፈታችም።

«ማዳም ዐሥር ደቂቃ ብላኛለች።»

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሊሄድ ነበር፣ አይደል?»

ልጅቷ ደነገጠች። «ማን ነገረሽ፣ እትዬ? አብረን ነበር የምንገባው። መንዝ፣ ከመንደራቸው እስከ መኪናው መንገድ እህል ሊያመላልስበት ነው ኳዱን ያዘጋጀው። ለብሩክ ወቅቱ ሲያልቅ እነግረዋለሁ አለ፤ እስከዚያ ዝም በይ አለኝ።»

«ለሰለሞንስ?»

«እሱን እንጃ። ሰለሞንን ሳነሳበት ፊቱ ይከፋል።»

ከውስጥ «ያላ! ቶሎ!» የሚል የማዳም ድምፅ ተሰማ። ሐረገወይን ፊቷን በሽርጧ ጠርጋ ገባች።

ካራማ ያለው ክፍል ጠባብ ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት። አንደኛው አልጋ ብርድ ልብሱ ተወጥሮ ተነጥፏል። ሰለሞን ሻይ ቀዳ፤ ሦስት ብርጭቆ ቀዳ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ግን አልደፋውም።

ስንዱ ብርጭቆውን አየች፤ አየችና ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ?»

«አሥራ አንድ። አብሮኝ የኖረ ሌላ ሰው የለም፣ እህቴ።»

«ወደ አገሩ ሊገባ እንደነበር ታውቅ ነበር?»

«በፍጹም! ምንም አልነገረኝም።»

«ስለ ጎማዎቹስ?»

«እኔ ስለ ጎማ ምን አውቃለሁ?»

ሻዩን ጠጥታ አመሰገነችው። ደረጃውን ስትወርድ ለሻለቃ ሰዒድ ደወለች።

ያንኑ ቀን ዐሥር ሰዓት ሲያልፍ ሁሉም ገብሩ ሱቅ ተሰበሰቡ። ሐረገወይን ማዳምን አስፈቅዳ መጣች። ሰለሞን በሩ አጠገብ ቆመ፤ ሻለቃው ከጎኑ ሆነ።

ስንዱ የወለቀውን ቸርኬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ገብሩ ዳዶ ሲያስር ቀይ መስመር ያሰምራል፤ ግማሹ ዳዶው ላይ፣ ግማሹ ቸርኬው ላይ። እነሆ፣ እዚህ አራት ግማሽ መስመር አለ። አሸዋው ውስጥ የተገኘው ጠፍጣፋ ዳዶ ግን ቀለም አልነካውም። ስለዚህ ገብሩ በትክክል አስሮ፣ በቀለሙ ምልክት አድርጎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ፈትቶ ለወጠው።»

«እኔን ማለትሽ ነው?» አለ ብሩክ። «የኮንቴይነሩ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር።»

«ቁልፉ አንተ ጋ ነበር፤ ዳዶው ግን አልነበረም። የካምፑ ኳዶች ዳዶ አይገባበትም። ደግሞ ሊሄድ መሆኑን ብታውቅ ኖሮ የመጪውን ዓመት ማስታወቂያ በምስሉ አታሳትምም። ሐረገወይንም አብራው ልትገባ ነበር። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ አሮጌዎቹን ዳዶዎች ማን ተቀበለ? ኳዱንስ ብቻውን ማን አደረሰ?»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ።

«ሰለሞን፣ ዘላለም ለድንጋይና ለጭቃ ጎማ ሲመርጥ አጠገቡ ነበርክ። ላገሩ መንገድ እየመረጠ እንደሆነ ገባህ። ዛሬ ግን ስለ መሄዱ አላውቅም አልከኝ።»

ሻለቃው አንድ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ገለበጠ። ከካራማው አልጋ ሥር የተገኘ ነው። አሥራ ሁለት ጠፍጣፋ ዳዶ ወጣ፤ አሥራ ስድስት መሆን ነበረበት። ተከትለው አራት ሾጣጣ ዳዶዎች ተንከባለሉ፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ቀይ መስመር አላቸው። ስንዱ አንዱን አንስታ ከቸርኬው ቀዳዳ ላይ አስቀመጠችው። መስመሩ ገጠመ።

«ለምን አልጣልካቸውም?» አለ ገብሩ።

ሰለሞን ዓይኑን ከዳዶዎቹ ሳያነሳ ተናገረ።

«መልሼ ላስራቸው ነበር። ሐሙስ መንገድ ዳር አቁሜ ለወጥኳቸው። እግሩ ቢሰበር አንድ ወር ይተኛል፣ አስታምመዋለሁ፣ እስከዚያ ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዓርብ ኪሴ ውስጥ ይዣቸው መጣሁ...» ወደ ብሩክ አየ። «ወጥቷል አልከኝ።»

«ገደልከው እኮ!» አለች ሐረገወይን። «ወንድሜ ነው ይልህ ነበር እኮ!»

«አንድ ወር ብቻ ነበር፣ እህቴ፤» አለ ሰለሞን። ያለው ግን ለሐረገወይን አልነበረም፤ ስንዱን እያየ ነው።

ሻለቃው «ኸላስ፣ በቃ» ብሎ የሰለሞንን ክንድ ያዘ፤ የገብሩን ፓስፖርት ከኪሱ አውጥቶ መለሰለት። ገብሩ የስንዱን እጅ ሊስም ጎንበስ ሲል ሸሸችው።

«ከቻልክ የመኪናዬን ጎማዎች እይልኝ፤» አለችው። «ከታሰሩ ቆይተዋል።»

ገብሩ አራቱንም አጠበቀና አንድ በአንድ ቀይ መስመር አሰመረላት።

ዐጅማን ስትደርስ ገና አልመሸም። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ሪፖርቱን ጻፈች፤ የዳዶውን ዓይነት፣ የቀለሙን ምልክት፣ የጎማውን ጥርስ፣ አንዱንም ሳታስቀር። የአደጋው መንስኤ ከሚለው ሥር «የጎሚስታው ጥፋት አይደለም» ብላ ፈረመች። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘች ጥቂት ቆየች። ለአንድ ወር ሲባል ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ታውቅ ነበር። ቅጹ ላይ ግን ለዚህ የሚሆን መስመር አልነበረም።

ሁለቱን ቁልፎች፣ የራሷንና አብሯት ይኖር የነበረውን ሰው፣ በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለች።