አሥረኛዋ ተረኛ

የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ሠራተኛ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የመሥሪያ ቤት እስክሪብቶ እንኳ ኪሱ ከቶ ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ባልደረቦቹ «ጻድቁ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱ ግን ጻድቅ ሳይሆን የደከመው ሰው ነበር። ጠዋትና ማታ በመድኃኒቱ ፍሪጅ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት የቅዝቃዜውን ልክ ሲመዘግብ ዓይኑ ያየውን ብቻ ይጽፋል። ጸሎቱም ከዚህ ብዙ አያልፍም፤ ፈጣሪ ሆይ፣ ዛሬንም ሳልዋሽ አውለኝ ነው።

ምን ያደርጋል! አንድ ሰኞ ጠዋት ፍሪጁ ተበላሽቶ የወሩን ኢንሱሊን በረዶ አድርጎ ጠበቀው። በረዶ የመታው ኢንሱሊን ሲቀልጥ መልኩ ደህና ይመስላል፤ ሥራው ግን አይታመንም። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? እሱ ግን እንዳየው ጻፈና ሁሉም ተወገደ። የተረፉት በሩ በኩል የነበሩ ዘጠኝ ብልቃጦች ብቻ ናቸው። ሌላ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት አለ። ለአንድ ሰው አንድ ብልቃጥ ብሎ የስኳር በሽተኞቹን በቀጠሯቸው ቅደም ተከተል ጻፋቸው። አሥረኛዋ... የገዛ ሚስቱ ነበረች!

እቤት የነበራት መድኃኒት በሦስተኛው ቀን አለቀ። የግል መድኃኒት ቤቱንም ሆስፒታሉንም አዳረሰ፤ መልሱ አንድ ነው፣ የለም። ውሃ እየጠጣች ምላሷ ሲደርቅ፣ ትንፋሿ ሲያጥር እያየ አንጀቱ እንዴት ይቻለው? አልቻለም። ተረኛዋ ገና ያልወሰደቻትን የመጨረሻዋን ብልቃጥ ኪሱ ከቶ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ሚስቱ አየት አድርጋ የማን እንደሆነ ጠየቀችው። ሊዋሽ ሞከረ፤ አፉ እንቢ አለው። ነገ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ የሰባት ዓመት ልጅ የምትወስደው መሆኑን ነገራት።

«መልስላት» አለችው። «የሕፃን ዕድሜ ተወግቼ እንቅልፍ ይወስደኛል?»

እግሯ ላይ ወድቆ ለመናት፣ አለቀሰ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንዲህም አለችው፦ «ለልጃችን እንዳትነግራት። እናቴ ከእኔ የሰውን ልጅ አስበለጠች ትላለች።»

መለሰው። በማግስቱ ሚስቱ እጁ ላይ አረፈች።

ልጃቸው ከሌላ ከተማ ለቀብር መጥታ ወሬውን ከጎረቤት ሰማች። «አባዬ፣ እጅህ ላይ ዘጠኝ ብልቃጥ ነበር» አለችው፤ «አንዷን ለእናቴ ብትሰጣት ምን ነበረበት?»

ምን ይበላት? አንድ ቃል ቢተነፍስ እሱ ነፃ ይወጣል... ልጅቷ ግን እናቷን ለሁለተኛ ጊዜ ታጣለች! እንባውን ዋጥ አድርጎ «ተራዋ አልነበረም» አላት። ሻንጣዋን አንስታ ወጣች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አባዬ ብላው አታውቅም።

ዕድል ይሉታል እንግዲህ ይህንን! ሚስቱን በሞት፣ ልጁን በቁም አጣ። ደክሞታል፣ እጅግ ደክሞታል። ሲነጋ ግን መድኃኒት ቤቱን ከፈተ፤ በሽተኞች ተሰልፈው ነበር።