የማይፈርሰው ማኅበር

በ፲፱፻፳፬ ዓመተ ምሕረት በኅዳር ወር፣ የዓለም ንግድ ከዳር እስከ ዳር በወደቀበትና ትናንት ባለሠረገላ የነበረው ሰው ዛሬ በእግሩ በሚሄድበት ዘመን፣ ከወንዙ የተነሣው ጉም የከተማይቱን መንገዶች ሸፍኗቸው ነበር፤ የትራሙ ደወል ይሰማል እንጂ ትራሙ አይታይም፤ የከሰሉ ጢስ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት በመስኮቶች ደፍ ላይ ይተኛል፤ በገበያው ማዕዘን የቆመው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃም ከወገቡ በላይ ጠፍቶ፣ ከወገቡ በታች ርጥበቱ በድንጋዩ ላይ ይንቆረቆራል። ይህ ሕንፃ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተሠሩት ሌሎች ቤቶች ጋር የአንድ ማኅበር ንብረት ነበር። ማኅበሩን የቀድሞ ሰዎች ሲያቋቁሙ፣ ጥቂት ጥሪት ያለው ሁሉ አክሲዮን እየገዛ ገንዘቡን እንዲያዋጣ፣ በተዋጣውም ቤት እየተሠራ እንዲከራይ፣ ኪራዩም ለባለአክሲዮኖቹ እንዲከፋፈል ብለው ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። መልካም ሐሳብ ግን ወራሾች አሉት፤ መከራውም የሚጀምረው ከወራሾቹ ነው።

አሁን ኪራይ የሚከፍል ጠፋ፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ ባለአክሲዮኖቹም ማኅበሩ ይፍረስ፣ ቤቶቹ ይሸጡ፣ ድርሻችን በእጃችን ይግባ ማለት ከጀመሩ ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። ይፍረስ በሚለው ያልተስማማ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ማኅበሩ አልፈረሰም። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ መልስ ሊሰጥ የሚችለው ሊቀ መንበሩ ብቻ ነበር፤ እርሱም ገና ሲጀምር ራሱን ያመው ነበር።

ሊቀ መንበሩ በወጣትነቱ መንገድ ቀያሽ የነበረ፣ ቀጥ ያለ መስመርና አጭር ንግግር የሚወድ ሰው ነው። ወንበሩን የተቀበለው ከአባቱ ነው፤ አባቱም ከመሥራቾቹ አንዱ ስለነበሩ፣ በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው «ደንቡን ጠብቅ» ብለውታል። ደንቡም ሊቀ መንበሩ በማኅበሩ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ እንዲኖር፣ ያለ ጉባኤው ፈቃድ ከከተማ እንዳይወጣ፣ ሥልጣኑንም ሊለቅ የሚችለው ጉባኤው ሲያሰናብተው ብቻ እንዲሆን ያዛል። ሦስት ጊዜ ልሰናበት ብሎ ጠይቆ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ «እንዴት ተደርጎ! እንደ እርስዎ ያለ ቅን ሰው ከየት ይመጣል?» እያሉ አጨበጨቡለት፤ በማግሥቱም እነዚያው ሰዎች በደረጃው ላይ ቆመው፣ የጣሪያውን ገንዘብ ማን እንደበላው በሹክሹክታ ይጠያየቃሉ።

ለመሰናበት የሚለምንበትን ምክንያት ግን ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ደረቷን ታማ ነበር። ሐኪሙ ግድግዳውን በጣቱ ነክቶ፣ ጣቱ ርሶ ሲወጣ አይቶ፣ «እኔ የምሰጠው መድኃኒት የለም፤ ደረቅ አየር ወዳለበት ተራራማ አገር ይውሰዷት። ሌላ ክረምት እዚህ ከከረመች ግን እኔን አይጥሩኝ» ብሎት ሄዷል።

በዚያን ቀን በምሳ ሰዓት፣ ባልና ሚስት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሾርባቸውን ይጠጡ ነበር። የጉባኤው አዳራሽ ከእነርሱ ወለል በታች ስለሆነ፣ ዘበኛው ወንበር ሲጎትት ይሰማል።

«ዛሬም ይመጣሉ?» አለች ሚስቱ።

«ይመጣሉ።»

«ዛሬም ይናገራሉ?»

«እሜቴ፣ መናገሩንማ ማን ከልክሏቸው! መወሰኑን ነው እንጂ።»

ሳቀች፤ ሳቋም መንገድ ላይ ወደ ሳል ተለወጠ። እስኪያልፍላት ድረስ ትከሻዋን ይዞ ቆየ። በቀደመው ዓመት ሙሉ የነበረው ትከሻ አሁን በመዳፉ ውስጥ ይገባ ነበር።

«ስማኝ፤» አለች ትንፋሿን ስትሰበስብ፤ «ስለኔ እንዳትነግራቸው። ያ ጡረተኛ ኮሎኔል በጉባኤው ስለ ደረቴ ንግግር ሲያደርግ ከምሰማ ብሞት ይሻለኛል።»

«ምን ቆርጦኝ!» አላት። ኮቱንም ለብሶ ወረደ።

መሥራቾቹ ለሽበት ክብር ብለው የደነገጉት አንድ ልማድ ነበር፤ በጉባኤ ላይ የሚነገረው በዕድሜ ተራ ነው፤ ትልቁ ይጀምራል፣ ታናሹ ይጨርሳል። ለእነዚያ ሰዎች ይህ ወግ ነበር፤ ለእነዚህ ግን ጦርነት ሆነ፤ ቀድሞ የተናገረ ብዙ ስለሚናገር፣ ወንዶቹ ሁሉ በየጉባኤው ዕድሜ ይጨምራሉ።

«የምጀምረው እኔ ነኝ!» አለ ጡረተኛው ኮሎኔል፣ ከመቀመጡ በፊት። «እኔ የተወለድኩት ትልቁ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ነው!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጌታዬ፣» አለ ጨርቅ ነጋዴው፣ «ባለፈው ጉባኤ ከጎርፉ ሦስት ዓመት በኋላ ነው ብለውን ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት ዓመት አረጁ?»

«ከእናንተ ጋር የተሰበሰበ ያረጃል!»

«እኔን አትጠብቁኝ፤ እኔ ልጅ ነኝ፤» አለች የልጅ ልጅ ያየችው ባርኔጣ ሠሪ፤ ከሁሉ በኋላ መናገርን በዕድሜዋ ከመጠራት መርጣ ነበርና። ሊቀ መንበሩ እጆቹን በጠረጴዛው ላይ አጣምሮ ጠበቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ መጠበቅ።

ተራው ለኮሎኔሉ ደረሰና ሸንጎውን በዓይኑ ከገረፈ በኋላ «ክቡር ሊቀ መንበር!» አለ፤ «ማኅበሩ ዛሬውኑ ይፍረስ! ቤቶቹ በሙሉ ይሸጡ፤ እኔ ከምኖርበት በቀር። ደረጃውን ለምጄዋለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ደረጃ አልለምድም።»

«ይሸጡ፤» አለ ጨርቅ ነጋዴው፤ «አሁን ግን አይሸጡ። ዋጋው በሚመጣው ዓመት ይነሣል።» ይህን ባለፈው ዓመትም ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የቤት ዋጋ በግማሽ ወርዷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ሰው ነው።

«ይሸጡ፤» አለች ባርኔጣ ሠሪዋ፤ «ነገር ግን የሚገዛው ሰው የሱቄን ኪራይ እስከ ዕለተ ሞቴ ድረስ እንዳይጨምር ይማልልኝ። ልጅ ነኝ ብያችኋለሁ፤ ብዙ ዓመት ነው።»

ሊቀ መንበሩ ተነሥቶ፣ የተሸጠ ቤት ውስጥ ያለ ገዢው ፈቃድ መኖር እንደማይቻል፣ ማኅበርም እየፈረሰ ሊቆይ እንደማይችል አስረዳ። ለስንተኛ ጊዜ እንዳስረዳ እርሱም ረስቶታል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሲጨርስም ከጀመሩበት ይጀምራሉ።

ከዚያም የዕለቱን ጉዳይ አነበበ። አንደኛ፣ ቤቶቹን ሸጦ ለእያንዳንዱ ድርሻውን የሚያከፋፍል ሒሳብ አጣሪ ይሾም፤ ሁለተኛ፣ አጣሪው ተሹሞ ሥራ ሲጀምር ሊቀ መንበሩና አስተዳዳሪዎቹ ይሰናበቱ።

ኮሎኔሉ ዓይኑን አጠበበ። በሕይወቱ ሙሉ ከፊት የሚመጣ ጠላት ያላጋጠመው ሰው ስለነበረ፣ ጠላትን ሁልጊዜ በወረቀት ውስጥ ይፈልግ ነበር።

«አያችሁልኝ?» አለ። «አስቀድሞ አጣሪ፤ ከዚያ ስንብት። ተራው ለምን እንዲህ ሆነ? ጊዜ ለማግኘት ነዋ! አስቀድሞ እነርሱ ይሻሩ፤ አጣሪውን ከዚያ በኋላ እኛው ንጹሓኑ እንሾማለን!»

«እውነት ነው!» አለ ነጋዴው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ክቡራን፣» አለ ሊቀ መንበሩ፤ «ደንቡን አስታውሱ። ጉባኤ የሚጠራውና የሚመራው ሊቀ መንበሩ ነው፤ የአጣሪውን ሹመት የሚያትሙት አስተዳዳሪዎቹ ናቸው። አስቀድማችሁ እኛን ከሻራችሁ፣ ይህ ጉባኤ በዚያችው ደቂቃ ይበተናል፤ ሌላ ጉባኤ የሚጠራ አይኖርም፤ አጣሪ የሚሾም አይኖርም፤ አዲስ ሊቀ መንበር የሚመርጥም አይኖርም። ማኅበሩ ሊሸጥም ሊፈርስም ሊድንም አይችልም።»

«ወንበሩን ጠበቀው!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«እኔ ልሰናበት ብዬ ሦስት ጊዜ የለመንኳችሁ ሰው ነኝ!» አለ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ተራውን ብቻ አትገልብጡት። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው።»

«ለምኖ አስለመደን፤» አለ ኮሎኔሉ፤ አዳራሹም በሳቅ ተሞላ።

በዚህ ጊዜ ከላይኛው ፎቅ ሳል ተሰማ። አንዴ፤ ደግሞ ሌላ፤ ከዚያም የማያባራው ዓይነት፣ የሚሰማው ሰው ራሱ ትንፋሽ የሚያጥረው። ሳቁ ቆመ።

«ያቺን ሴትዮ ዝም የሚያሰኝ የለም?» አለ ኮሎኔሉ ወደ ጣሪያው አንጋጦ። «በየጉባኤው ነው እኮ! ሰው እንዴት አድርጎ ያስባል?»

«ኧረ ኮሎኔል፣» አለች ባርኔጣ ሠሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ባለቤታቸው ናቸው።»

«ቢሆኑስ! እኛ እዚህ ስለ ንብረታችን ነው የምንነጋገረው!»

ሊቀ መንበሩ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሊያስጠነቅቃቸው። ዘጋው። ንዴት ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ የመጣው ግን ዕረፍት ነበር። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ተቀመጠና፣ በተስተካከለ ድምፅ፣ «ተራው ተገልብጦ እኛ አስቀድመን እንሻር የምትሉ ተነሡ» አለ።

በአንድነት ተነሡ። ስለ ዕድሜ እንኳ ያልተከራከሩበት ብቸኛ ውሳኔ ይኸው ሆነ።

በደንቡ ውሳኔው የሚጸናው ሊቀ መንበሩ በቃለ ጉባኤው ላይ ማኅተሙን ሲመታ ነው። ጸሐፊው፣ ሁሉን ነገር «ነገ» ስለሚል ነገ ተብሎ የሚጠራው ሽማግሌ፣ ወረቀቱን አምጥቶ ከፊቱ አኖረና ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ።

«ጌታዬ፣ ነገ ብንመታውስ? እስከ ነገ ልብ ይገዙ ይሆናል። እርስዎ እንዳሉት ከሆነ እኮ... ተቆለፈ ማለት ነው።»

ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን አነሣ። አባቱን አሰበ፤ ደንቡን ጠብቅ ያሉትን። ጠብቆታል፤ አሁንም በደንቡ መሠረት የጉባኤውን ድምፅ ማጽናት ግዴታው ነው። ነገር ግን ራሱን አላታለለም፤ እጁን ወደ ወረቀቱ የሚገፋው ደንቡ እንዳልሆነ አሳምሮ ያውቃል። እስከ ነገ ቢያቆየው ሁሉንም አንድ በአንድ አባብሎ፣ ተራውን መልሶ፣ እስከሚመጣው ክረምት ሲያስረዳቸው ይኖራል። ከላይ ሳሉ ቆሞ ነበር፤ ዝምታው ከሳሉ ይልቅ አስፈራው።

«ሁለት ጊዜ ተነግሯቸዋል፤» አለና ማኅተሙን መታው።

ጭብጨባው መስኮቱን አናወጠው። ኮሎኔሉ ደረቱን ነፍቶ፣ «አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ! ሊቀ መንበር፣ ያንብቡልን!» አለ።

«የትኛው ሊቀ መንበር፣ ጌታዬ ኮሎኔል?» አለ ሰውየው፣ ባርኔጣውን እያነሣ።

ደረጃውን ግማሽ እስኪወጣ ድረስ ከኋላው ዝምታ ነበር። ከዚያ ጫጫታው ጀመረ፤ እርሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወጣ። ሚስቱን መስኮቱ አጠገብ አገኛት።

«ምን ሆነው ነው የሚጮኹት?»

«ሻሩኝ።»

«ውይ! ለምን?»

«እግዜር ይስጣቸው፤» አለና ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደ።

በሳምንቱ በባቡር ተሳፈሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ባለአክሲዮኖቹ ያፈሰሱትን ለመልቀም ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ዳኛው ደንቡን አንብቦ ሳቀ፤ ሁለተኛው ዳኛ አንብቦ ቀጠሮ ሰጠ፤ ጠበቆች አረጁበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ትልቁ ጦርነት መጥቶ ፋይሉን በላው። በዚያ ክፉ ዘመን በከተማይቱ የነበሩት ሌሎች የቤት ማኅበሮች ንብረታቸውን በርካሽ ሸጠው፣ ገዢዎቹም አሮጌውን አፍርሰው መጋዘን ሠሩበት። የዚህ ማኅበር ቤቶች ግን የሚሸጣቸው ባለሥልጣን ስለታጣ ብቻ ቆመው ቀሩ፤ የወራሾች ወራሾች በአዲስ ሕግ ማኅበሩን ሲረከቡም፣ የመንገዱ ውበት እነርሱ ብቻ ሆነው ነበር።

ዛሬ በሕንፃው መግቢያ ላይ በእብነ በረድ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ተቀርጿል። ማኅበሩ ያሳተመው የክብር መጽሐፍ፣ በጭንቁ ዘመን ባለአክሲዮኖቹ ቅርሳቸውን ለመሸጥ አሻፈረኝ እንዳሉና በአርቆ አስተዋይነታቸው እንዳዳኑት ይተርካል። ድርሻዬን አምጡ እያለ የሞተው ኮሎኔል፣ አዳራሹ በማዕረጉ ይጠራለታል። ስለ መጨረሻው ሊቀ መንበር የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «በጉባኤው ሙሉ ድምፅ ከሥልጣኑ ተሽሯል»። አንባቢው ሌባ ነበር ብሎ ያልፈዋል።

ሚስቱ በተራራው አገር ስድስት ዓመት ኖረች። በመጀመሪያው በጋ ምርኩዝ ሳትይዝ እስከ ምንጩ ወጥታ ወረደች፤ በስድስተኛው ዓመት፣ ደረቷን ሳይሆን ልቧን ታማ፣ በእንቅልፏ ሞተች። ባሏ ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየ፤ ወደ ከተማይቱ ግን አልተመለሰም፤ ስለ ሕንፃዎቹ መዳን የነገረው መንገደኛ በመጣ ጊዜም «እኔ እነርሱን ለማዳን አላሰብኩም» አለና ስለ ዝናብ ጠየቀው። መንገደኛው ትሕትና መሰለው። ሰውየው ግን የተናገረው እውነቱን ነበር።