ሰማንያ ላይ የተነቀለችው መኪና

የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ዋጋ ወደቀ ተብሎ ሲለቀስ የባሰው መጣ። የመኪና ኪራይ ድርጅቱ ባለቤት በገዛ ግቢው፣ ከነጯ የኤሌክትሪክ መኪና ጎን በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የክሪክ ብረት አጠገቡ ወድቋል።

ሬሳውን አራት ሰዓት ላይ ያገኘው ታናሽ ወንድሙ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጠዋት ከሟች ጋር ሲጨቃጨቅ ያልሰማ የለም። ቤት አንዲት እናት አለችው፤ እሱ ከታሰረ በአንድ ቀን ሁለት ልጅ ልታጣ ነው።

«በምን ተጣላችሁ?» አለች መርማሪዋ። እርጋታዋ ያስፈራል።

«በመኪኖቹ። የኪራይ መኪና ትርፉ አገልግሎ ሲሸጥ ነው። ነዳጅ አይፈጁም፣ ብልሽት አያበዙም ብዬ አርባውን የኤሌክትሪክ መኪና ያስገዛሁት እኔ ነኝ። በሦስት ዓመት ዋጋቸው ከግማሽ በታች ወረደ። አዲሱ እየረከሰ አሮጌውን ማን ይግዛ? ባትሪው አልቆ ይሆናል እያለ ሁሉ ይሸሻል። ወንድሜ ዛሬ ‹አራግፌ በቤንዚን መኪና እተካቸዋለሁ› አለኝ። ጮህኩበት። ግን አልገደልኩትም!»

«ባሌን የበላው እሱ ነው!» ብላ ጮኸች የሟች ሚስት ከቢሮው በር።

መካኒኩ ሽማግሌ ነው። ካቻቢቴ ከኪሱ ስለማይጠፋ «ጋሽ ካቻቢቴ» ይሉታል። ወንድምየውን መንዳት ያስተማረው እሱ ነው።

«ዕቃ ልገዛ ወጥቼ ነበር፣ ልጄ። ስመለስ ለቅሶ ጠበቀኝ» አለና ድንገት ዞሮ ጮኸ፦ «ኧረ ያቺን ሰማያዊ ከቻርጀር ንቀሏት! ሰማንያ በመቶ አለፈች እኮ! በላይ በላዩ ሲሞሉት ባትሪው ይደክማል!»

መርማሪዋ አንዴ አየችው፤ ከዚያ ወደ ነጯ መኪና ቻርጀር ሄደች። ገመዱን ስታገላብጥ ቆየች።

ሁሉንም ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ነጯ መኪና ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ልክ ሰማንያ ስትሞላ ተነቅላለች። ቻርጀሩ መዝግቦታል። ገመዷ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፤ የደም ፍንጣሪ ያለው ግን ከጥቅሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰውየው ሲመታ ገመዱ ተዘርግቶ ነበር። የነቀለውና የጠቀለለው ገዳዩ ነው።»

«እሱ ነዋ!» አለች ሚስትየው።

«እዚህ ቢሮ ሰሌዳ ላይ ‹ነጯ ሩቅ ትሄዳለች፣ መቶ ትሙላ› ብሎ የጻፈው ወንድምየው ራሱ ነው። ምን ብሎ ይነቅላታል? እርስዎም ጠዋቱን ሙሉ ከደንበኞች ፊት አልተነሡም። ሰማንያ ስትደርስ እጁ አላርፍ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሼ፣ ዕቃ ልገዛ ወጣሁ አሉኝ። የገዙት የታል?»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

«በስተርጅና ባትሪ ተማርኩ። ሦስት ዓመት እንደ ሕፃን ጠበቅኳቸው። ‹አልደከሙም፣ አስፈትሽና ለገዢ አሳይ› ብዬ ለመንኩት። ‹ገዢ ወሬ እንጂ ባትሪ አይሰማም፤ አንተም አብረሃቸው ትሸኛለህ› አለኝ። ብረቱ እጄ ላይ ነበር... ቀና ስል ቻርጀሩ ሰማንያ ይላል። መንቀሌን እንኳ አላወቅኩም።»

«እኔ ስታሰር ዝም ሊሉ ነበር፣ ጋሼ?» አለ ወንድምየው።

ሽማግሌው ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በካቴና ታስሮ ግቢውን ሲያቋርጥ ቻርጅ ላይ ካለችው ጥቁር መኪና ፊት ቆመ። ሰማንያ ሞልታለች።

«ልጄ... እባክህ ንቀልልኝ።»

ወንድምየው ገመዱን ያዘ፤ መልሶ ለቀቀው። እንባው ይወርዳል።

«ትሙላ፣ ጋሼ። የሚገዛትም የለ።»

ቁጥሩ ሰማንያ አንድ አለ። ሽማግሌው አቀርቅሮ ወደ ፖሊስ መኪናው ገባ።