የጉድጓዱ ሳል

ሻንካ ጠዋት ጠዋት ክኒኑን በሻይ ይውጥና ሸማ መሥሪያው ሥር ወደተቆፈረችው ጉድጓድ እግሩን ሰድዶ መርገጫዎቹን ይፈልጋል። ጉድጓድ ስላልኩ ገደል እንዳይመስላችሁ፤ ዶሮ ዘላ የምትወጣት ናት። ለሻንካ ግን ወለል የላትም። ልጅ ሳለ ሽመና ያስተማረው ጋሽ አልታዬ፣ እንዳይጠፋበት ቁርጭምጭሚቱን በክር ከመርገጫው ጋር ያስረው ነበር። ሲያንቀላፋ ከኋላው መጀመሪያ ሳል ይመጣል፣ ቀጥሎ ዱላ። ጋሽ አልታዬ ሞቶ ዱላው ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ ሳሉ ግን ሻንካ ቤት በቀየረ ቁጥር አብሮት ዕቃ ይጭናል።

ባለፈው ፋሲካ ከድሩ ማዶ ጋቢ የለበሰ ሰው አየና ቢላ አንሥቶ ያን ሁሉ ድር ዘለዘለው። ሚስቱ ዘነበች፣ «ሁለተኛ ቢላ ካነሣህ እናቴ ቤት ፈልገኝ» አለችው። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ደግሞ፣ «ሲመጣ አትሽሽ፣ አትመልስለት፤ ሥራህን ሥራ። ካንተ ጆሮ በቀር የሚሰማው የለም» አለችው። ይኸው እስከ ሐምሌ ጆሮው እንደ ሰው ጆሮ ሆኖ ከረመ።

«ዛሬ ገበያው ቢቀርብሽስ?» አላት፣ ሰማዩ ሲጠቁር አይቶ።

«ምነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ አዞ አስገባህ እንዴ? እዚህ እኮ ሽሮ ሜዳ ነው፣ ጫሞ አይደለም!»

ሳቀ። እሷም እየሳቀች ወጣች።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ እብድ ከበሮ መቺ ያዘው፣ መብራትም ሄደ። ቤቱ የእርጥብ አፈርና የጥጥ ሽታ ሸተተ፤ ቆየት ብሎ ከሁለቱ መሐል ሌላ ሽታ፣ ሰው ከአፍንጫው ሥር የያዘው ዓይነት የሱረት ሽታ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ጋሽ አልታዬ ሱረት ይወድ ነበር። ሻንካ መወርወሪያውን ወረወረ። ተቀበለ። ወረወረ። ከታች ግን እግሩ ያልነካው መርገጫ ሲጥ ብሎ ወረደ፣ ተነሣም።

ከኋላው ሳል ተሰማ።

አልዞረም። ቀዝቃዛ ቀጭን ነገር ቁርጭምጭሚቱን ዞረው፣ ደገመው፣ ከዚያ ቋጠሮ ሲጠብቅ በቆዳው ላይ ተሰማው። ክር መቁረጫው ቢላ እጁ ሥር ነበር። ጣቶቹ ሄዱ፣ እጀታውን ነኩ፣ ዘነበች ጓዟን ጠቅልላ ስትወጣ ታየችውና ተመለሱ።

«ማጉ ላልቷል» አለው ድምፁ፣ እስትንፋሱ ማጅራቱን እያሞቀ። «ድሮም ሰነፍ ነህ።»

ሻንካ ጥርሱን ነክሶ ሠራ። እንባው ነጠላው ላይ ይንጠባጠባል፤ እጁ ግን አልቆመም። የለም፣ የለም፣ ይላል በልቡ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ያንኑ።

በመጨረሻ የዘነበች ጫማ ደጅ ላይ ጭቃ ሲያራግፍ ሰማ። ድሩ ደህና ነው፣ ቢላው ካለበት አልተነሣም፤ አሸነፍኩት ሊላት አፉን ከፈተ።

በሩ ተገፋ፣ ብርሃን ገባ። ከሻንካ ጀርባ አግዳሚ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ አንድ የሽማግሌ ድምፅ በትሕትና «ኖር!» አለ።

ዘነበችም ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከባሏ ትከሻ በላይ እያየች ጎንበስ አለችና፣ «በእግዜር፣ አባባ፤ ኧረ አይነሡ!» አለች።