ወርዶ ሰላም የሚለው ሰው

ባህሩ ከመሪው ኋላ እንደተቀመጠ ሞቶ ነው የተገኘው። ቀይዋ መኪናው ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ፣ ከመገንጠያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው ገደል ወርዳ አፍንጫዋን ከባሕር ዛፍ ጋር አላትማ ቆማለች። በሩ ተዘግቷል። የሾፌሩ መስታወት እስከ ላይ ተነሥቶ ጭረት እንኳ አልነካውም። ሰውየው ከቀኝ ጆሮው በላይ ተፈንክቶ ደረቱ ላይ ዘንበል ብሏል።

ምክትል ኢንስፔክተር ብርሀንነሽ ስትደርስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ካፊያውም አባርቷል። በወንጀል ምርመራ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ሰው ሲያወራላት ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ በጣቷ ትጠርጋለች፤ ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል፣ እየተናደደም ብዙ ያወራል።

መኪናይቱን አገር ያውቃታል። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊልስ የሚደርስ አሮጌ የስፖርት መኪና ናት። በዚያ ኮረኮንች እሷን ይዞ መውጣት የጤነኛ ሰው ሥራ አይደለም፤ የግንባታ ዕቃ ነጋዴው ባህሩ ግን ከዓይኑ ብሌን አስበልጦ ይወዳት ነበር። እሱ ራሱ የሚታወቀው በሰላምታው ነው። መንገድ ላይ የሚያውቀውን ሰው ካየ መኪናውን ያቆማል፣ በሩን ከፍቶ ይወርዳል፣ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይጨብጣል። «በዚህ ዘመን ከመኪና ወርዶ ሰላም የሚል ሰው» እየተባለ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ለሽምግልና ተመረጠ። የሾፌሩ መስታወት ከተበላሸ ዓመት እንደሞላው፣ ስለዚህ ሰው ለማናገር ከመውረድ በቀር ምርጫ እንዳልነበረው የሚያውቁት ቤተሰቡና መካኒኩ ብቻ ነበሩ። ባህሩም ክብሩን ወዶታልና አላስተባበለም።

«ሁዜይፋ ነው የገደለው» አለች እድላዊት። ባህሩ ያሳደጋት የወንድሙ ልጅ ናት፤ ሠርጓ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። «ዛሬ ጠዋት መኪናዋን ሲፈታታ ነበር። በሩን አበላሽቶ ሰጠው። አጎቴ መውጫ አጥቶ ነው የሞተው።»

መካኒኩ ሁዜይፋ በዚያው ምሽት ታሰረ። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ሲነጋ የሰፈሩ ሰው ጣቢያው በር ላይ ተሰብስቦ ነበር። ሁዜይፋ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ብርሀንነሽ ፊት ሲቀመጥ ዓይኑን ከእጆቹ ላይ አላነሣም።

«መኪናዋን ምን አደረግሃት?»

«መስታወቱን ሠራሁ። ፊውዙን አየሁት፣ ደህና ነው። ስዊቹም ደህና ነው። ሲጫኑት ሞተሩ ድምፅ ያሰማል፣ መስታወቱ ግን አይነቃነቅም። እንግዲያው መስታወቱን የሚስበው ገመድ ወጥቷል ብዬ የበሩን የውስጥ ሽፋን ነቀልኩት። እውነትም ወጥቷል፤ መለስኩት። ወረደ፣ ወጣ። ጋሽ ባህሩ እንደ ሕፃን ሳቁ።»

«በሩስ?»

«ሽፋኑን ስነቅል የውስጥ መክፈቻውን የሚይዘው ፕላስቲክ እጄ ላይ ተሰበረ። እዚህ አይገኝም፤ ከደሴ እስኪመጣ ሦስት ቀን ይፈጃል። ‹በሩ ከውስጥ አይከፈትልዎትም። መስታወቱን ዝቅ አድርገው፣ እጅዎን አውጥተው ከውጭ ይክፈቱት› አልኳቸው።»

«ፍሬኑን ነካህ?»

«ወላሂ አልነካሁም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ግን እኔው ነኝ፣ ኢንስፔክተር። መኪናዋ ስትሄድባቸው ሊዘሉ ፈልገው በሩ እምቢ ብሏቸው ይሆናላ። እኔ ባልነካው ይከፈት ነበር።»

ብርሀንነሽ ይህን መዘገበችው። ንጹሕ ሰው ራሱን ሲወነጅል መስማት ከሥራዋ ሁሉ የምትጠላው ነገር ነው፤ ዳኛም ከማንኛውም ማስረጃ በላይ እንዲህ ያለውን ቃል ይወዳል።

ወደ ግቢ በተጎተተችው መኪና ዙሪያ ብቻዋን ቆየች። ቁልፉን አዙራ ስዊቹን ተጫነች፤ መስታወቱ እዝዝ እያለ ወረደ፣ ተመልሶም ወጣ። የውስጥ መክፈቻውን ሳበችው፤ ላላ ብሎ ምንም ሳይይዝ ተመለሰ። ከሾፌሩ በስተቀኝ ባለው መቀመጫ እግር ሥር ሁዜይፋ ወለሉ እንዳይቆሽሽ ያነጠፈው ካርቶን አለ። ካርቶኑ ላይ ጭቃ ደርቋል። ሟች የቆሰለው በቀኙ ነው፤ በቀኙ በኩል ደግሞ ራሱን የሚመታው ነገር አልነበረም፣ ባዶ መቀመጫ ብቻ። ሁዜይፋ ከወንበሩ ሥር አስቀምጬዋለሁ ያለው የጎማ መፍቻ የለም።

ከዚያ በኋላ ትናንት ባህሩን ያገኘውን ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ትጠይቅ ጀመር። ረዳቷ ሳጅን ይሄነው ግራ ገባው፤ ጥያቄው «እንዴት ሰላም አለዎት?» የሚል ነበርና።

ከከተማው መውጫ ሻይ ቤት ያላቸው እትዬ አልታየች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ። «ልጄ፣ ትናንት ቂም ይዤበት ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።»

«ምን አድርጎዎት?»

«ስምንት ሰዓት ላይ መጣና ቆመ። ይወርዳል ብዬ እጄን በመቀነቴ ጠርጌ ብጠብቅ፣ መስታወቱን አወረደና ከተቀመጠበት ‹እንደምን ዋልሽ፣ አልታየች› አይለኝም? እየሳቀ። እኔን፣ በዚህ ዕድሜዬ። ወላሂ አፈርኩበት፤ ሰላምታውንም አልመለስኩለትም።» «አልመለስኩለትም» አሉ ደግመው።

የአይሱዙ ሾፌሩ ጀብሪል ዘጠኝ ሰዓት ግድም መንገድ ላይ አግኝቶታል። «እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች፣ መስታወት አውርደን አወጋን። ‹አየሃት ጀብሪል፣ ትወርዳለች ትወጣለች› እያለ አራት ጊዜ አሳየኝ። ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክሱን አቀለጠው። ብቻውን ነበር። ወደ መገንጠያው ነው የሄደው።»

የሟች ሚስት ወይዘሮ ሸዋረግ ስለ ሰላምታ የሚናገሩት የላቸውም፤ ባላቸው ከቤት ሲወጣ ተኝተው ነበር። «ባለፈው ሳምንት ደጎሎ ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ እህል አይወርድለትም ነበር» አሉ። «‹ከሰውየው ጋር ብቻችንን ልነጋገር፤ ከዚያ ትሰሚያለሽ› አለኝ። የትኛው ሰውዬ ብለው አልነገረኝም።»

የመጨረሻው ደሳለው ነው፤ የእድላዊት እጮኛ። ደጎሎ ላይ እህል ይነግዳል። ረጋ ያለ፣ አነጋገሩ የጣፈጠ ሰው ነው፤ ከቀብር ተመልሶ ሐዘንተኛውን ሲያስተናግድ ነበር።

«ሦስት ሳምንት ደጎሎ ቆይቼ ትናንት መጣሁ» አለ። «ሚኒባሱ ወደ ገጠር የሚታጠፍ ስለነበር መገንጠያው ላይ ወርጄ በእግሬ ስመጣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ጋሽ ባህሩን አገኘሁት። ሰላም ተባባልን፤ እሱ ወደ ከላላ ወረደ፣ እኔ አይሱዙ ለምኜ ከተማ ገባሁ።»

«እንዴት ሰላም አለህ?»

«እንደ ልማዱ ነዋ። አቆመ፣ በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን።»

«በካፊያው?»

«እሱን ዝናብ መቼ ያስቀረዋል።»

«መስታወቱን ዝቅ አላደረገም?»

ደሳለው በሐዘን ፈገግ አለ። «ያ መስታወት እኮ ከተበላሸ ዓመቱ ነው፣ ኢንስፔክተር። እስከ ላይ እንደተዘጋ ነበር።»

የብርሀንነሽ ጣት ፍርፋሪ መጥረጉን አቆመ። አመስግና አሰናበተችው፤ ወዲያውም ደጎሎ ደወለች።

ሁዜይፋ ፍርድ ቤት የሚቀርበው በማግስቱ ስምንት ሰዓት ነው። በአራት ሰዓት ብርሀንነሽ ሁሉንም ቀይዋ መኪና ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ሸዋረግ በወንበር፣ እድላዊት ከጎናቸው ቆማ፣ እትዬ አልታየችና ጀብሪል ፈንጠር ብለው። ሁዜይፋ እጁ በካቴና ታስሮ መጣ። እድላዊት ስታየው ፊቷን አዞረች።

«ደሳለው» አለች ብርሀንነሽ፣ «እስቲ ሾፌሩ ቦታ ግባና ጋሽ ባህሩ እንዴት ሰላም እንዳለህ አሳየን።»

ደሳለው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ገባ። ይሄነው በሩን ዘጋበት። መስታወቱ ተዘግቷል፤ ቁልፉ ብርሀንነሽ እጅ ነው።

«አሁን ውረድና ሰላም በለኝ።»

መክፈቻውን ሳበ። ደግሞ ሳበው። በትከሻው በሩን ገፋ፤ በሩ አልነቃነቅ አለ። ደሳለው መስታወቱን በመዳፉ መታ፣ መክፈቻውን እስኪነቀል ጎተተ፣ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ከዚያ ምንም ሳያስብ እጁ ወደ ማዶኛው በር ሄደ፤ በሌላኛው መቀመጫ ላይ ተንፏቆ በዚያ በኩል ወጣ።

«አዎ» አለች ብርሀንነሽ። «ከትናንት በስቲያም የወረድከው በዚያ በኩል ነው።»

ይሄነው ክንዱን ያዘው።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረግ።

«ባለቤትዎ ያን ቀን ማንንም ወርዶ ሰላም አላለም፣ እትዬ። መስታወቱ በተሠራ በሰዓታት ውስጥ ለእትዬ አልታየች አወረደው፣ ለጀብሪል አራት ጊዜ አወረደው። ከውስጥ በሩ አይከፈትም። በራሱ በር ለመውረድ ከፈለገ የግድ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ከውጭ መክፈት ነበረበት። ለዚህ ነው መስታወቱን ለይቼ የጠየቅኩት። ደሳለው መስታወቱ እንደተዘጋ በሩን ከፍቶ ወረደ አለኝ። ይህ የማይሆን ነገር ነው።» ወደ ደሳለው ዞረች። «አንተ የነገርከኝ ያለፈውን ወር ባህሩን ነው። መሠራቱን አልሰማህም፤ ካፊያ ስለነበር መስታወቱ ሲወርድም አላየህም። የጎኑን በር ራስህ ከፍተህ ገባህ።»

«መሳሳት እችላለሁ» አለ ደሳለው። ድምፁ ቀጥኗል።

«ቁስሉ በቀኝ ነው፤ አንተ በተቀመጥክበት በኩል። ካርቶኑ ላይ የጫማህ ጭቃ አለ። የጎማ መፍቻውን ዛሬ ጠዋት ይሄነው ከገደሉ ሣር ውስጥ አንሥቶታል፤ ደም አለበት። ከመታኸው በኋላ የእጅ ፍሬኑን ለቀህ ገፋሃት፤ በሩን ሊከፍት የሚታገል ሕያው ሰው መኪናዋ ውስጥ አልነበረም።» ይህን ስትል ያየችው ሁዜይፋን ነው። «ደጎሎ ደግሞ ሚስትህ ስልክ አነሣችልኝ። ሁለት ልጆችህ ደህና ናቸው።»

እድላዊት የወይዘሮ ሸዋረግን ወንበር ያዘች።

ደሳለው መሬት መሬት እያየ፣ «እስከ ቅዳሜ ራስህ ሠርጉን ተው አለኝ» አለ። «ለማንም አልናገርም፣ አንተም አትዋረድ አለኝ። ለመንኩት። ከመኪናዬ ውረድ አለኝ። ብረቱ እግሬ ሥር ነበር።»

ወሰዱት። ይሄነው የሁዜይፋን ካቴና ፈታ። ከግቢው ለመውጣት ማንም አልተነቃነቀም።

«መገንጠያው ላይ እንደሚያገኘው ማን ነገረው?» አለች እድላዊት።

ብርሀንነሽ ካቴናውን ከይሄነው እጅ ተቀበለች። የደሳለውን የስልክ ጥሪ ዝርዝር አይታለች፤ ይህን አንድ ነገር ግን ከሰበሰበችው ሁሉ ለይታ ልትተወው ፈልጋ ነበር። እድላዊት ከፊቷ ላይ አነበበችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «አጎቴ ሊያናግርህ ይፈልጋል፣ መገንጠያው ድረስ ይመጣል ብዬ ደወልኩለት። ሊመርቀን መስሎኝ።» መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወይዘሮ ሸዋረግ እጃቸውን ዘረጉ፤ አልደረሰባትም።

ቀድሞ የደረሰው ሁዜይፋ ነው። ሁለት ቀን ገዳይ ስትለው የሰነበተችውን ልጅ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ አያት።

«አንቺ የደወልሽው ለሠርግሽ ብለሽ ነው» አላት። «እኔም በሩን የሰበርኩት ልሠራው ብዬ ነው።»

እድላዊት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ሁዜይፋም ስታለቅስ አብሯት ተቀመጠ። ብርሀንነሽ የመለቀቂያውን ወረቀት አምጥታ እስክሪብቶ ሰጠችው፤ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ።