በያርጋል ምትክ

የመጀመሪያው የሰደፍ ምት ያርጋልን ያገኘው መታወቂያውን ለማውጣት እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ነበር። እህቱ አልጣሽ ድንች የሞላ ዘንቢል ይዛ ከኋላው ቆማለች። የክንዱ አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሰማችው።

«ተመዝግቤያለሁ» አለ ያርጋል በጉልበቱ ወድቆ። «መታወቂያ አለኝ። ሥራ ፈላጊ ነኝ፤ ራሳችሁ ናችሁ የመዘገባችሁኝ።»

«እኮ» አለው ጠመንጃውን የያዘው ይግዛው። «ሥራ ተገኝቶልሃል።»

የ1973 ዓ.ም. መስቀል ካለፈ ሳምንቱ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ የደባርቅ ገበያ ከየገጠሩ በመጣ ሰው ጢም ብሏል። የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ገበያውን በአራቱም በኩል ከበው ወጣት ወንዶችን እየለዩ ይይዙ ጀመር። ሰው እየተገፋፋ ሲሸሽ በርበሬውም እህሉም እግር ስር ተደፋ። ከዳባት በግ ሊሸጥ የመጣ አንድ ጎረምሳ በጆንያ ላይ ዘሎ ሊያመልጥ ሲል ተደናቅፎ ወደቀ። ሦስት ሆነው መነሣት እስኪያቅተው ረገጡት። ያርጋልን ደግሞ በተሰበረው ክንዱ ጎትተው አነሡት። አልጣሽ ወንድሟ እንደዚያ ሲጮህ ሰምታ አታውቅም።

ምዝገባው የተጀመረው በነሐሴ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ላቀው ሕዝቡን ሰብስቦ፣ መንግሥት ሥራ አጥነትን ከሥሩ ሊነቅል ስለሆነ ሥራ የሌለው ሁሉ ይመዝገብ፣ መታወቂያ ይውሰድ፣ ተራው ሲደርስ እንደ ትምህርቱ ይመደባል ብሎ ነበር። ያርጋል ጎንደር ሄዶ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ቢጨርስም የመልቀቂያ ፈተናው ስላልሆነለት ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ተቀምጧል። እናታቸው በለጠች የወታደሮች ልብስ እያጠበች ነው የምታኖራቸው። ምዝገባው አላማረውም፤ ስሜን ሰጥቼ ምን ያደርጉልኛል እያለ ሳምንት አመነታ። አልጣሽ ግን ነዘነዘችው። ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ነበር፤ ጽሕፈቷም ቆንጆ ነው። ቅጹን አምጥታ ራሷ ሞላችለት፣ እሱም ፈረመ።

ይግዛውም በዚያው ሰሞን ተመዝግቧል። ጎንደር ከያርጋል ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ተምረው፣ በአንድ ዓመት አብረው ወድቀዋል። ከሁለቱ ሥራ ያገኘው ይግዛው ብቻ ነው። ሥራው ያ ጠመንጃ ነበር።

የተያዙት በቀበሌው ግቢ በፀሐይ ተደረደሩ። ላቀው ቆጠራቸውና ሠላሳ ሞሉ። ወደ ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ እንደሚሄዱ፣ መኪናው በዘጠኝ ሰዓት እንደሚነሣ አስታወቀ። በለጠች በሳሙና አረፋ የራሰ ቀሚሷን እንደለበሰች ሮጣ መጥታ እግሩ ላይ ወደቀች። የልጄ እጅ ተሰብሯል፣ ለእርስዎም አይጠቅምዎትም ብላ ለመነችው። ላቀው በጫማው ገፋት። ቀና ስትል አንዱ ጠባቂ በዱላ ትከሻዋን መታት። አልጣሽ ደግፋ ልታስወጣት ስትሞክር ላቀው ጠራት።

«የኸይረዲን ልጅ ጓደኛሽ ናት አይደል? ዘሀራ?»

«አዎ።»

«ወንድሟ ሀሚድ ሱቁን ከዘጋ ወዲህ ሥራ ፈት ነው። አልተመዘገበም፤ ዛሬም ገበያ አልታየም። እጁ የተሰበረ ሰው እኔም አልፈልግም፤ የተባልኩት ግን ሠላሳ ነው። ሀሚድ ያለበትን ንገሪኝና በያርጋል ምትክ እሱን ልጫን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ አለሽ።»

አልጣሽ ወደ ዘሀራ ቤት በሩጫ ወረደች። ሀሚድን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ከሊማሊሞ ማዶ ያለው መንገድ በጦርነቱ ከተዘጋ ወዲህ ጨርቅና ደብተር የሚያመጣበት ስላጣ ነው ሱቁን የዘጋው። ደብተር ባጣች ጊዜ ገንዘብ ሳይቀበል ሰጥቷት ያውቃል።

ዘሀራ በሩን በጠባቡ ከፈተች። ፊቷ አመድ መስሏል። አልጣሽ የሆነውን ሁሉ እያለከለከች ነገረቻትና ሀሚድ የት ነው አለቻት።

«ኮሶዬ ሄዷል» አለች ዘሀራ። «ትናንት ነው የሄደው። አክስቴ ጋ።»

ውሸቷን ነበር። ኸይረዲን ቆዳ ነጋዴ ናቸው፤ ከቤቱ ጓሮ የቆዳ መጋዘን አላቸው። ግማቱ ስለማይቻል ከሳቸው በቀር ማንም አይገባበትም። አሁን ግን የመጋዘኑ በር ደፍ ላይ በሰሐን የተከደነ ምግብ ተቀምጧል። ዘሀራ የአልጣሽን ዓይን ተከትላ ወደዚያው አየች፤ ሰሐኑንም አየች። ዘሀራ አትንገሪ አላለችም። የአልጣሽን ሁለት እጆች ብቻ አጥብቃ ያዘች፤ አልጣሽ መንጭቃ አስለቀቀቻትና ወጣች።

በመንገድ ላይ ለራሷ አንድ በአንድ አስረዳች። ሀሚድ ጤነኛ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቆላውን ይችለዋል። ያርጋል በዚያ እጁ ማጭድ ሊይዝ አይችልም፤ ይሞታል። ደግሞም ቅጹን የሞላችው እሷ ናት። ግቢው በር ስትደርስ ልትናገር ወስና ነበር።

ያርጋል አጥሩ ሥር ተቀምጦ የተሰበረ ክንዱን ጉያው ውስጥ ይዟል። ከንፈሩ ደርቋል። ላቀው ያላትን ሰምቷል፤ ሲያያት በጉልበቱ እየዳኸ ቀረባት።

«ታውቂያለሽ የት እንዳለ?» አላት በሹክሹክታ። «አልጣሽ፣ እባክሽ። እኔ ከዚያ አልመለስም። እባክሽ ንገሪው።»

ያርጋል ለምኗት አያውቅም፤ እሷ ነበረች የምትለምነው። ወደ ላቀው ሄደች። ላቀው ከአዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆሞ ስሞች ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል። ጓድ ሊቀመንበር ብላ አፏን ስትከፍት ከኋላዋ ጩኸት ተነሣ።

የዳባቱ ጎረምሳ ነበር። የተረገጠ እግሩን እየጎተተ አጥሩ ላይ ወጥቶ ግማሽ አካሉ ውጭ ሆኗል። ጠባቂዎቹ ውረድ አሉት፤ አልወረደም። ይግዛው ተኮሰ። ልጁ አጥሩ ላይ እንዳለ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ፣ በተያዙት ሰዎች መካከል ወደቀ። ጀርባው ላይ ያለው ደም እየሰፋ ሄደ። እግሩ ሁለቴ ተንፈራገጠና ቆመ። ይግዛው አፈሙዙን አላወረደም። ልጁን ሊነካ የደፈረ ማንም የለም።

ላቀው ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ወረቀቱ ላይ አንዱን ስም ሰረዘ።

«አንድ ጎደለ» አለ። ከዚያ ወደ አልጣሽ ዞረ። «እህስ? ሀሚድ የት ነው?»

አልጣሽ የወደቀውን ልጅ አየች። ስሙን እንኳ አታውቅም። ሀሚድን ለነዚህ ሰዎች ብትሰጥ አጨዳ ብቻ እንደማይጠብቀው ገባት፤ እሱም ቢሆን አጥር ላይ ሊወጣ ይችላል። ያርጋል ከወዲያ እያያት ነው።

«አላውቅም» አለች።

«ዘሀራ ምን አለችሽ?»

«ኮሶዬ ሄዷል አለች። ሌላ አላውቅም።»

በጥፊ መታት። ጆሮዋ ጭው አለ፣ ጥርሷ ከንፈሯን ሰነጠቀው። ደግሞ ጠየቃት፤ ደግማ አላውቅም አለች። በሁለተኛው መሬት ላይ ወደቀች። ሦስተኛ አልመታትም። ከመንገድ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ጎትተው አምጥተው ሠላሳውን ሞሉ።

ኤንትሬ የጭነት መኪናው በዘጠኝ ሰዓት ተነሣ። ያርጋልን ሁለት ሰዎች ደግፈው ጫኑት። በለጠች ከመኪናው ኋላ እየሮጠች ስሙን ስትጠራ እሱ ግን እናቱን አልነበረም የሚያየው። እስከ ዳባት መንገድ መታጠፊያ ድረስ አልጣሽን ብቻ ነበር የሚያየው።

በዚያው ሳምንት ሀሚድ በእግሩ ወደ ጃናሞራ ሄደ። አልጣሽና ዘሀራ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ እየተቀመጡ ስለዚያ ቀን አንዴም አላነሡም። በለጠች ሌሊትም ቀንም አለቀሰች፤ ምንም የማታውቅ ልጄ በከንቱ ተደበደበች እያለች ለጎረቤት ትናገር ነበር። አልጣሽ አላረመቻትም።

ከሠላሳው ሰው በጥር የተመለሱት አሥራ ዘጠኙ ናቸው። ያርጋል አንዱ ነበር። ወባ አመንምኖታል፤ ክንዱ ተጣሞ ገጥሟል፣ ጣቶቹም አልታጠፍ ብለዋል። ባንድ እጁ እያጨደ መክረሙን፣ ያልቻለ ቀን እራት እንደሚከለከል ለእናቱ በጥቂት ቃላት ነገራት። አልጣሽን ግን ሳምንቱን ሙሉ አላነጋገራትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በለጠች ልብስ ልታደርስ ስትወጣ ሁለቱ ብቻቸውን ደጅ ፀሐይ ላይ ቀሩ። አልጣሽ በሰሐን ሾርባ አምጥታለት በግራ እጁ እንዲይዘው እየረዳችው ነበር።

«ያን ቀን» አላት ሳያያት። «ሀሚድ የት እንዳለ ታውቂ ነበር?»

አላውቅም ማለት ቀላል ነበር። ላቀውም፣ እናቷም፣ ሰፈሩም የሚያውቁት ያንን ነው። ያርጋልም ያንን ቢሰማ ምናልባት ይቀለው ይሆናል፤ እሷም እፎይ ትል ነበር። ወደ ክንዱ አየች፤ ከዚያ ወደ ፊቱ።

«አውቅ ነበር» አለች።

ሰሐኑን ከእጁ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ተነሥታ አልሄደችም፤ አጠገቡ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና የሚላትን ለመስማት ጠበቀች።